ዘመድ ይቅደም ወይስ መልክ? ሕያዋንን ለመመደብ የትኛው መንገድ ይሻላል

ሽኮኮን ያየ ሰው ዝሆን ትዝ አይለውም። ቁመቱ የጥንቸል ነው። ጅራቱ እዚህ ግባ አይባልም። ቋጥኝ ለቋጥኝ ሲሯሯጥ ይውላል። በመልኩ መድቡት ብትባሉ ከጥንቸል ወይ ከአይጥ ጎን ታስቀምጡታላችሁ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ዘመዶቹ ግን ዝሆንና ውሃ ውስጥ የምትኖረው ማናቲ ናቸው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ከእነሱ በላይ የሚቀርበው የለም።

"ይቀርበዋል" ስንል ግን በምን ለክተን ነው? ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው። ለትምህርት ይሁን ለመመረቂያ ጥናት፣ ወይም እንዲሁ ነገሩ ገርሞት፣ ሕያዋንን ልመድብ ብሎ የተነሣ ሰው ሦስት ምርጫ ይገጥመዋል። አንዱ የምደባው መርህ ነው። ሁለተኛው ማስረጃው ነው። ሦስተኛው ከማስረጃው የዝምድና ዛፍ፣ ማለትም የዘር ሐረግ ሥዕል፣ የሚሠራበት ስሌት ነው። በየቦታው እኔ የቱን እንደምመርጥ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ቅድሚያ፦ ምን ፈልጋችሁ ነው?

መስኮታችሁ ላይ ያረፈችው ወፍ ስሟ ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ የዘር ሐረግ ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም። የላባዋን ቀለም፣ ምንቃሯንና ድምፅዋን ይዛችሁ የወፍ መለያ መጽሐፍ ክፈቱ። ያ በቂ ነው። መለየት አንድ ሥራ ነው፤ መመደብ ሌላ። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው።

ጥያቄያችሁ "ማን ከማን ጋር ቅድመ አያት ይጋራል?" ከሆነ ግን አብረን እንቀጥል።

መርህ፦ አዞ፣ እንሽላሊትና እርግብ

ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ ሁለት ቃል ሳይንሳዊ ስም ያስለመደው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። የእንስሳት ስም አወጣጥ እስከ ዛሬ መነሻ የሚያደርገው የመጽሐፉን የ1758 እትም ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዓሣ ነባሪን ከዓሣ አውጥቶ ከአጥቢዎች የመደባትም እዚያው እትም ላይ ነው። ሊኔየስ ግን ስለ ዝግመተ ለውጥ አያውቅም ነበር። ኪንግደም፣ ክላስ፣ ኦርደር እያለ ከሰፊው ምድብ ወደ ጠባቡ የደረደረው ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ለማስቀመጥ ነው። የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ከዚያ እትም መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1859 ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ የዘር ሐረግ ነው። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ዘመድ መሆኑ ታወቀ። መደርደሪያውን እንደገና ማን ያስተካክል የሚለው ነበር የቀረው።

ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሦስት ጎራ ተፈጠረ። ልዩነታቸውን በቃል ከማብራራት በሦስት እንስሳት ማሳየት ይቀላል።

አዞ፣ እንሽላሊትና እርግብ ውሰዱ። አሥር ባሕርያት እንቁጠር። ነገሩ እንዲቀል ቁጥሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ባሕርያቱ ግን እውነተኛ ናቸው። ሦስቱን ሦስቱም ይጋሩታል፦ አከርካሪ፣ አራት እጅና እግር፣ ፅንሱን ከድርቀት የሚጠብቅ ሽፋን ያለው እንቁላል። ሁለቱ አዞና እርግብ ብቻ ያላቸው ናቸው፦ አራት ክፍል ያለው ልብ፣ እና ጠጠር ተውጦ ምግብ የሚፈጭበት ጡንቻማ የሆድ ክፍል። አንዱ የአዞ ብቻ ነው፦ አፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍንጫው እንዲተነፍስ የሚረዳው የአጥንት ላንቃ። አራቱ የእርግብ ብቻ ናቸው፦ ላባ፣ ክንፍ፣ ጥርስ የሌለው ምንቃር፣ አጥሮ የተገጣጠመ የጅራት አጥንት።

አሁን ቁጠሩ። አዞና እንሽላሊት በሰባት ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሌሏቸው አራቱ የእርግብ ባሕርያትም ይቆጠራሉና። አዞና እርግብ በአምስት ብቻ።

የመጀመሪያው ጎራ ፊኔቲክስ ይባላል። ሮበርት ሶካልና ፒተር ስኒዝ በ1963 ባወጡት መጽሐፍ ነው ጎልቶ የወጣው። ሐሳቡ ገር ነው፦ የቻላችሁትን ያህል ባሕርይ ቁጠሩ፣ ለሁሉም እኩል ክብደት ስጡ፣ የተመሳሰለውን አብራችሁ አስቀምጡ። በዚህ ሕግ ሰባት ከአምስት ይበልጣል፤ አዞ ከእንሽላሊት ጋር ተመደበ፣ አለቀ። ደስ የሚለው ማንም ሰው ቢቆጥረው ውጤቱ ያው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጎራ የጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ የቪሊ ሄኒግ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ዝንብ ሲያጠና ነው። ዋና ሐሳቡን መጻፍ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የጦር እስረኛ ሳለ ነበር። መጽሐፉ በጀርመንኛ በ1950 ወጣ፤ ዓለም ልብ ያለው ግን በ1966 በእንግሊዝኛ ሲታተም ነው። ሄኒግ ያለው ይህን ነው፦ መመሳሰል ሁሉ እኩል አይመሰክርም። አዞና እንሽላሊት የሚጋሩት ሰባቱ ባሕርያት ሁሉ አሮጌ ናቸው። ሦስቱ የእርግብም ጭምር ናቸው። የቀሩት አራቱ ደግሞ "ላባ የለንም፣ ክንፍ የለንም" የሚሉ ናቸው። ላባ አለማብቀል ዝምድና አይሆንም፤ እኔም እናንተም ላባ የለንም። አዞና እርግብ የሚጋሯቸው ሁለቱ ግን አዲስ ናቸው። እንሽላሊት የሌለው፣ የሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት ያመጣው ነገር ነው። ስለዚህ አዞ የእርግብ ዘመድ ነው። እርግብ ከተለያዩ በኋላ ብዙ ስለተለወጠች መልኳ ራቀ እንጂ ሥጋዋ አልራቀም።

ይህ መንገድ ክላዲስቲክስ ይባላል። አንድ ምድብ ቅድመ አያቱንና የቅድመ አያቱን ዘሮች በሙሉ መያዝ አለበት፤ አንድም ሳይቀር። እንዲህ ያለው ምድብ ክሌድ ይባላል።

ሦስተኛው ጎራ መሐል ላይ ቆመ። ኤርንስት ማየርና ጆርጅ ጌይሎርድ ሲምፕሰን ዋና ጠበቆቹ ነበሩ። "ዝምድናው ልክ ነው፤ ግን ወፎች ይህን ያህል ከተለወጡ የራሳቸው ክላስ ይገባቸዋል፤ አዞም ከተሳቢዎች ጋር ይቆይ" ይላሉ። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ይሄንን ነው። ችግሩ ይታያችሁ። አያት የልጅ ልጆቻቸውን በሙሉ ሰብስበው ፎቶ ሊነሡ ሲሉ፣ አንደኛው ሀብታም ስለሆነና አለባበሱ ስለተለየ "አንተ ውጣ፣ አንተ ሌላ ቤተሰብ ነህ" እንደማለት ነው። ፎቶው ላይ የቀሩት ቤተሰብ አይባሉም፤ የተረፉት ናቸው። በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው የጎደለ ምድብ ፓራፊሌቲክ ይባላል። ደግሞስ ስንት ባሕርይ ሲለወጥ ነው "ይህን ያህል" የሚባለው? መልሱ በባለሙያው ስሜት ላይ ይወድቃል።

ፍርዴን ልናገር። የዘር ሐረግ ከሆነ የምትፈልጉት ክላዲስቲክስን ያዙ። ዛሬ አብዛኛው የባዮሎጂ ሰው የሚሠራው በዚሁ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፣ ስም ያናጋል። ሳንባ ያለው ዓሣ ከሳልሞን ይልቅ ለላም ይቀርባል፤ ስለዚህ ላምን ያላካተተ "ዓሣ" የሚባል ክሌድ የለም። ምስጥ በረሮ ሆኖ ተገኝቷል፤ የበረሮ የዘር ሐረግ መሐል ነው የበቀለው። የግራር ነገርማ የባሰ ነው። አካሺያ የሚለው ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ) አንድ ክሌድ አለመሆኑ ሲታወቅ ተከፋፈለ። በ2005 ቪየና ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ስሙን ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ወሰኑት። የአፍሪካዎቹ ግራሮች ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ ተባሉ። የተቆጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ውሳኔው ግን በ2011 ሜልቦርን ላይም ጸና። በቤተ ሙከራ ታዋቂ የሆነችው የፍራፍሬ ዝንብ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተርም ጂነሷ ፓራፊሌቲክ ነው። ቢከፋፈል ግን ስሟን ልታጣ ትችላለች፤ እልፍ የምርምር ጽሑፍ ደግሞ በዚያ ስም ታትሟል። እስካሁን አልነኳትም።

በዕለት ንግግር "ዓሣ" ማለታችሁን እንድትተዉ አልጠይቅም። እኔም አልተውኩም።

ማስረጃ፦ አጥንት ይሻላል ዲኤንኤ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እዚህ ግን ጎረቤት ዋነኛው አሳሳች ነው። አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ ፍጥረታት ሳይዛመዱ ይመሳሰላሉ። ሻርክና ዶልፊን በቅርጽ አንድ ናቸው፤ አንዱ ዓሣ ነው፣ አንዷ ጡት ታጠባለች። ሎተስ የውሃ አበባ ይመስላል፤ ዘመዱ ግን በየጎዳናው ዳር የሚተከለው የፕላተን ዛፍ ነው። ፋልኮን የሚባለው ፈጣኑ አዳኝ አሞራ ከጭልፊትና ከንስር ጋር ይመደብ ነበር። በ2008 የወጣ ሰፊ የዲኤንኤ ጥናት ከበቀቀንና ከዘማሪ ወፎች ጎን አስቀመጠው። ምንቃርና ጥፍር የሥራ ልብስ ናቸው፤ ሥራው አንድ ከሆነ ልብሱም አንድ ይሆናል።

ዲኤንኤ እዚህ ላይ ይበልጣል። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ አጥንት ላይ መቶ ባሕርይ ለማግኘት የሚለፋ ሰው ዲኤንኤ ላይ ሚሊዮን ፊደል ያገኛል። አጥንት ለሌለው ሁሉ ይሠራል። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 የራይቦዞም አርኤንኤን (ፕሮቲን በሚሠራው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለውን ሞለኪውል) አነጻጽረው አርኪያ የሚባሉትን ደቂቅ ሕያዋን ከባክቴሪያ ሲለዩ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ልዩነት ይዘው አልነበረም። ሁለቱም በዓይን ያው ደቃቃ ነጠብጣብ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ዛፉን ከሥሩ የሚከፍል ነበር።

ይሁንና "ዲኤንኤ ካለ አጥንት ለምኔ" የሚለውን አልቀበልም። አንደኛ፣ ዲኤንኤ ይበሰብሳል። እስካሁን ከተነበበው ጥንታዊ ዲኤንኤ የቆየው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ለእነሱ ያለን ድንጋይ የሆነ አጥንት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቅሪተ አካል የሕያዋኑንም ዝምድና ሊያቃና ይችላል። ቅድም ያነሣነው አራት ክፍል ያለው ልብ አጥቢዎችም ላይ አለ። የሰውነት ሙቀታቸውን መጠበቁም እንዲሁ። በሕይወት ያሉትን ብቻ ይዘው የቆጠሩ ሰዎች "እንግዲያው አጥቢና ወፍ የቅርብ ዘመድ ናቸው" ብለው ነበር። በ1988 ዣክ ጎቲዬና ባልደረቦቹ ቅሪተ አካላቱን ቆጠራው ውስጥ አስገቡ። ዛፉ ተገለበጠ። ወፍ ወደ አዞ ሄደች፤ አጥቢዎች ገና ከጥንት የተለየ የራሳቸው መስመር ላይ ቀሩ። አራት ክፍል ያለው ልብ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ነው የመጣው።

ሁለቱ ማስረጃ እንዴት እንደሚደጋገፍ ማየት የፈለገ የዓሣ ነባሪን ነገር ይመልከት። የቅሪተ አካል ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሜሶኒኪድ ከሚባሉ የጠፉ ሥጋ በል እንስሳት ጋር ያዛምዷት ነበር፤ ጥርሳቸው ይመሳሰላልና። የዲኤንኤ ሰዎች "ዘመዷ ጉማሬ ነው" ሲሉ ብዙዎች ሳቁ። በ1999 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጂኖም (የአንድ ፍጥረት ሙሉ ዲኤንኤ) ውስጥ ዘለው የሚገቡ ቁርጥራጮችን ቆጠሩ። እነዚህ ቁርጥራጮች በሁለት እንስሳት ላይ ትክክለኛው አንድ ቦታ በአጋጣሚ ይገባሉ ማለት ይከብዳል። ዓሣ ነባሪና ጉማሬ ግን ተጋርተዋቸው ተገኙ። በ2001 ደግሞ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች የቁርጭምጭሚት አጥንት ተቆፍሮ ወጣ። ሁለቱም ጫፉ እንደ ገመድ መዘውር የተሰረጎደ ነው። እንዲህ ያለ አጥንት ያለው በግ፣ ላም፣ አሳማና ጉማሬ ባሉበት ወገን ብቻ ነው። አጥንቱም ዲኤንኤውም አንድ ቃል ተናገሩ።

ዲኤንኤ የመረጠ ሰው ሌላም ምርጫ አለበት፤ አንድ ጂን ወይስ ብዙ? ብዙ፤ አቅም ካለ። የአንድ ጂን ታሪክና የዝርያው ታሪክ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሰውና ቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ጎሪላ ከሁለቱም ይርቃል። የጎሪላ ጂኖም በ2012 ሲነበብ ግን 30 በመቶ በሚሆነው ክፍል ላይ ጎሪላ ለአንዳቸው ይቀርባል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ከሚቀራረቡት በላይ ማለት ነው። ስህተት አይደለም። ዝርያዎቹ በፍጥነት ተከታትለው ስለተለያዩ አሮጌ የጂን ልዩነቶች ሳይጠሩ ተሻገሩ። የዋልታ ድብም ሰዎችን እንዲሁ አሳስታለች። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤዋ የቡናማ ድብ ቅርንጫፍ ያደርጋታል። ሙሉ ጂኖሟ ሲታይ ግን ራሷን የቻለች ናት፤ የሚቶኮንድሪያው ዝምድና የመጣው ሁለቱ ዝርያዎች ተዳቅለው ስለነበር ነው። ባክቴሪያዎች ደግሞ ጂን ከማይዛመዱት ጋር ጭምር ይለዋወጣሉ። ለእነሱ በአንድ ጂን ዛፍ መሥራት ቁማር ነው።

ስሌት፦ ከአራቱ የቱ?

የዛፍ ሥራ ከባድ የሆነው የሚቻሉት ዛፎች ስለሚበዙ ነው። ሥሩ፣ ማለትም የሁሉም ቅድመ አያት ያለበት ቦታ፣ ያልተለየ ዛፍ እንሥራ ብንል፣ ለአራት ዝርያ ሦስት ዓይነት ዛፍ አለ። ለአምስት 15። ለአሥር 2,027,025። ከዚያ በላይ በእጅ የሚቆጠር አይደለም።

ርቀት ላይ፣ ማለትም በየሁለቱ ዝርያ መካከል ባለው የልዩነት መጠን ላይ፣ የተመሠረተው ስሌት በጣም ፈጣን ነው። ኔበር-ጆይኒንግ የሚባለው በ1987 የናሩያ ሳይቱና የማሳቶሺ ኔይ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ፍተሻ ጥሩ ነው፤ ስሕተት የገባበት ናሙና ካለ ወዲያው ያጋልጣል። ለመጨረሻ ውጤት ግን አልመክረውም፤ ሚሊዮን ፊደል ወደ አንድ የርቀት ቁጥር ሲጨመቅ ብዙ ነገር ይጠፋል።

ፓርሲሞኒ "ትንሹ ለውጥ ያለበት ዛፍ ይሻላል" ይላል። የሄኒግ ሐሳብ የቅርብ ዘመድ ነው። ለአጥንት ባሕርያት አሁንም ይሠራል። ወጥመዱን ጆሴፍ ፌልሰንስታይን በ1978 አሳይቷል። ሁለት ዝርያ በጣም በፍጥነት ከተለወጡ፣ በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ፊደል ላይ ደጋግመው ያርፋሉ፤ ፓርሲሞኒም ዘመድ ናቸው ብሎ ያጣብቃቸዋል። የሚያናድደው መረጃ ስትጨምሩ አለመታረሙ ነው። ስሕተቱ ላይ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል።

ማክሲመም ላይክሊሁድ ለዲኤንኤ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ፌልሰንስታይን በ1981 ለዲኤንኤ ተግባራዊ አደረገው። መጀመሪያ ፊደሎች እንዴት እንደሚለዋወጡ ሞዴል ይሰጠዋል፤ ከዚያ ያለንን መረጃ የማስገኘት ዕድሉ ከፍ ያለውን ዛፍ ይፈልጋል። አይኪው-ትሪን የመሳሰለ ነፃ ሶፍትዌር ሞዴሉን ራሱ ይመርጥላችኋል። ቤይዚያን የሚባለው ደግሞ አንድ ዛፍ ሳይሆን ከነዕድላቸው ብዙ ዛፎች ይሰጣል። የመለያየት ጊዜን በዓመት ማስላት ከፈለጋችሁና የቅሪተ አካል ዕድሜ በእጃችሁ ካለ ወደዚህ ሂዱ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ስሌቱ ሳይረጋ ያቆመ ሰው ያልበሰለ ውጤት ነው የሚያገኘው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር አትርሱ። አንዱ ሥሩን የሚያሳየው የውጪ ማነጻጸሪያ ነው፤ ከምታጠኑት ቡድን ውጪ የሆነ ዘመድ ማለት ነው። ለአዞና ለእርግብ እንሽላሊት ይሆናል፤ ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ግን አይሆንም። በጣም የራቀ ማነጻጸሪያ ራሱ ብዙ ለውጥ ያከማቸ ረጅም ቅርንጫፍ ሆኖ ያሳስታል። ሌላው ቅርንጫፉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቡትስትራፕ የሚባለው፣ ከመረጃው በዘፈቀደ ደጋግሞ እየወሰዱ ዛፍ ሲሠራ ያ ቅርንጫፍ ከመቶ ስንቴ እንደወጣ ይናገራል፤ 100 ማለት "መረጃው ይህን ደጋግሞ ይላል" ማለት ነው እንጂ እውነት ነው ማለት አይደለም። ሞዴሉ የተሳሳተ ከሆነ 100 ይዞም ይሳሳታል።

ዛፉ ሲሠራ እኔ በጀማሪነቴ የሠራሁትን ስሕተትም አትድገሙ። ጫፎቹን ከላይ ወደ ታች እንደ ዝርዝር አነበብኳቸው፤ ጎን ለጎን የተጻፉትን ሁለት ስሞች ዘመድ አድርጌ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩ። የሚነበበው ጫፉ ሳይሆን መገንጠያው ነው። ቅርንጫፎች በመገንጠያው ላይ እንደ ተንጠልጣይ ጌጥ ይዞራሉ፤ ቢገለበጡም ዛፉ ያው ነው። የቅርብ ጊዜ መገንጠያ የሚጋራ ነው ዘመድ።

የደረጃ ስሞችን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ፊሎኮድ የሚባል የስም አወጣጥ ደንብ ክላስ፣ ኦርደር የሚባለውን ትቶ ለክሌድ ብቻ ስም ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ግን የሊኔየስን ስሞች ክሌድ ላይ ለጥፎ ይጠቀማል። ከ1998 ጀምሮ አበባ አብቃይ ዕፅዋትን የመደበው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድንም እንዲሁ ነው ያደረገው፤ አራተኛው እትሙ በ2016 ወጥቷል። ለጥናት ጽሑፍ የምመርጠው ይሄንኑ ነው፤ አንባቢ ይገባዋል።

ምርጫው ምን ያህል ውጤት እንደሚለውጥ ለማየት ከእንስሳት ሁሉ በፊት ተገንጥሎ የወጣው የቱ ነው የሚለውን ክርክር ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ መልሱ ስፖንጅ ነበር፤ ነርቭ የለው፣ ጡንቻ የለው። በ2008 የብዙ ጂኖች ትንተና ቴኖፎሮችን አስቀደመ። እነዚህ እንደ ጄሊ የሚያስተላልፉ፣ ጎናቸው ላይ ባሉ ፀጉር መሰል ረድፎች የሚቀዝፉ የባሕር እንስሳት ናቸው። ነርቭም ጡንቻም አላቸው። ከዚያ በኋላ ሞዴል በተቀየረ ቁጥር መልሱ ሲገለበጥ ኖረ፤ አንዱ ሞዴል ስፖንጅ ይላል፣ ሌላው ቴኖፎር። በ2023 አንድ ቡድን ፊደል መቁጠሩን ትቶ ጂኖች በየትኛው ክሮሞዞም ላይ አብረው እንደተቀመጡ አየ። ስፖንጅና ሌሎቹ እንስሳት የሚጋሩት የተቀላቀለ አቀማመጥ ቴኖፎር ላይ የለም። ቴኖፎር እንስሳ ባልሆኑት የቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ያለውን አሮጌውን አቀማመጥ እንደያዘ ነው። ሄኒግ ለአዞና ለእርግብ የሚያነሣው ጥያቄ ነው የተነሣው፦ የተጋራው አዲስ ነገር የቱ ነው? ክርክሩ ግን ዛሬም አላለቀም።